በእርጅና መፈለግ፦ የማኅበራዊ ትስስርና የኑሮ ዓላማ ዳሰሳ በአዲሱ ገበያ

በእርጅና ዘመን ሰውን የሚጎዱ ነገሮች ሲቆጠሩ በሽታና የገንዘብ እጦት ይቀድማሉ። ሁለቱም በዓይን ስለሚታዩ ሐኪሙም ዘመዱም ያውቃቸዋል። ሌሎች ሁለት ጉዳዮች ግን የጥናት ርእስ የሆኑት ዘግይተው ነው። አንደኛው ማኅበራዊ ትስስር ነው፤ አረጋዊው ከማን ጋር ይውላል፣ ማን ይጠይቀዋል፣ ሲቸግረው ማንን ይጠራል የሚለው። ሁለተኛው የኑሮ ዓላማ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ የሚጠብቀው ሥራ፣ እሱ ባይኖር የሚጓደል ነገር አለ ወይ የሚለው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ እንደ አንድ ይታያሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ልጆቹ በየቀኑ እየመጡ የሚጠይቁት ሰው ምንም የሚፈለግበት ነገር ባለመኖሩ ሲቆዝም ሊውል ይችላል። ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ደግሞ የመንደሩ ጉዳይ ሁሉ በእሷ በኩል ስለሚያልፍ ቀኑ ያጥራታል።

ብቻ መኖርና ብቸኝነትም እንዲሁ ይለያያሉ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት ዋይስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ ብቸኝነትን ለሁለት ከፍሎታል፦ የልብ ሰው ማጣትና የማኅበር ማጣት። ክፍፍሉ በኢትዮጵያም ይሠራል። ለአርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን የቀበረ ሰው ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ቢሞላውም የመጀመሪያው ዓይነት ብቸኝነት አይለቀውም። ሰፈር የቀየረ ቤተሰብ አባት ደግሞ ሚስቱም ልጆቹም አጠገቡ እያሉ ሁለተኛው ይሰማዋል። መድኃኒታቸው አንድ ስላልሆነ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ የሚሰጥ እርዳታ ብዙ ጊዜ ይስታል።

ትስስር ከዕድሜ ጋር ያለውን ዝምድና በቁጥር ካሳዩት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ በካሊፎርኒያ አላሜዳ አውራጃ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመዘገቡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ለዘጠኝ ዓመት የተከታተለው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1979 በሊዛ በርክማንና በሊዮናርድ ሳይም ሲታተም፣ ትዳር፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖትና የሌላ ማኅበር አባልነት የሌላቸው ሰዎች በብዛት ቀድመው መሞታቸውን አሳየ። ጁሊያን ሆልት-ላንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 የ148 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመዝኑ ጠንካራ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ አስታውቋል። ስለ ዓላማም ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል፤ በቺካጎ ራሽ የሕክምና ማዕከል ከ1,200 በላይ አረጋውያንን የተከታተሉት ፓትሪሻ ቦይልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደጻፉት፣ ኑሯቸው ዓላማ እንዳለው የሚሰማቸው ሰዎች በጥናቱ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ነበር። እርግጥ የታመመ ሰው ከሰው ይርቃል፣ ተስፋውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ መለየት ይከብዳል። አጥኚዎቹ ሕመሙን በስሌት ለይተው ለማውጣት ይጥራሉ። ሌላም ጉድለት አለ፤ አብዛኛው ቁጥር የመጣው ከሀብታም አገሮች ነው። ስለ ክለብ አባልነት የሚጠይቅ መጠይቅ እድር፣ ሰንበቴና ጽዋ የሞላበትን የአዲስ አበባ አረጋዊ ኑሮ አይለካም።

ትስስርና ዓላማ ለአረጋዊ ይጠቅማሉ ከሚለው ተቃራኒ አስተሳሰብም ነበር። ኢሌን ካሚንግና ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ሰው ሲያረጅ ከማኅበረሰቡ ቀስ በቀስ መራቁ ተፈጥሯዊና ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው ብለው ጻፉ። ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ ግን የሚመስለው አንድ ልማድ አለ፤ የትዳር ጓደኛ ሲሞት፣ ልጆች ሲዳሩ፣ መመንኮስ። እዚያው ቤታቸው እየኖሩ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠግተው ቆብ የሚደፉ አሮጊቶች በአዲስ አበባ ጉለሌ አድባራት አካባቢ ዛሬም አይጠፉም። ሆኖም ይህን ከዓለም መራቅ ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። መነኩሲቷ ከድግስና ከሐሜት ትርቃለች እንጂ ከግዴታ አትርቅም፤ ጸሎቱ ሰዓት አለው፣ ጾሙ ቀን አለው፣ ኪዳን ማድረስ፣ ቅጽረ ግቢ መጥረግ፣ መገበሪያ ማበጠር የእሷ ነው። ከአንድ የሥራ ድርሻ ወጥታ ወደ ሌላ ገብታለች።

የዚህ ዳሰሳ መስክ የሆነው አዲሱ ገበያ በዚሁ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከፒያሳ በሰሜን ሆቴል አልፎ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ወደ ሱሉልታ፣ ጫንጮና ፍቼ የሚሄደው ተሳፋሪ፣ ከዚያው አቅጣጫ የሚመጣው ሸቀጥ፣ ጉልት ላይ የሚቸረችሩት ሴቶች ጠዋትና ማታ መንገዱን ይሞሉታል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ብርዱ ይጠብቃል፤ ዳገቱ ለጉልበት አይራራም፤ ክረምት ሲገባ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ለሽማግሌ እግር ፈተና ነው። በስተምሥራቅ ያሉት የሽሮ ሜዳና የቀጨኔ ሰፈሮች በሸማኔና በሸክላ ሠሪ ይታወቃሉ። በዚህ ዓይነት ሰፈር የጡረታ ደብተር ያለው የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጡረታ የሚባል ነገር የማያውቅ ሸማኔና ዕድሜዋን ሁሉ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮ ስትሸከም የኖረች ሴት አጥር ለአጥር ይኖራሉ። እርጅናቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የሰፈሩን አረጋውያን ከሰው ጋር የሚያስተሳስረው ዋናው ገመድ እድር ነው። እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ አሉላ ፓንክኸርስትን የመሳሰሉ አጥኚዎች አመጣጡን ከከተማ መስፋፋት፣ ከገጠር ፍልሰትና ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር አያይዘው መርምረውታል። ሥራው ቀብር ነው፤ ውስጡ ሲታይ ግን የአረጋውያን መሥሪያ ቤት ይመስላል። ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ሦስት ወንበር ይወጣል። ጸሐፊው ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ይዘረጋል፤ ገንዘብ ያዡ ካርኒ ይቆርጣል፤ ንብረት ያዡ ከኋላ ቆሞ ባለፈው ለቅሶ የጠፋው ብረት ድስት የት እንደገባ ያጣራል። ብዙውን ጊዜ ሦስቱም ጡረተኞች ናቸው። አንዱ የቀድሞ መምህር፣ አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዱ መቶ አለቃ ቢሆን አያስገርምም፤ የመሥሪያ ቤት ልማዳቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ካርኒ ሳይቆረጥ ብር አይነካም፣ ቃለ ጉባኤ ሳይፈረም ስብሰባ አይበተንም። ወጣቱ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን ይላል፤ ለእነሱ ግን ጣጣው ራሱ ሥራቸው ነው።

እድር ከሌሎች ማኅበሮች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ መቅረት ያስቀጣል። ቀብር ያልደረሰ፣ አዳር ያልወጣ፣ ስብሰባ የቀረ ስሙ ይጻፋል፣ ቅጣት ይከፍላል። ቅጣቱ ሲታይ የሚያበሳጭ ደንብ ነው፤ በእርጅና ዓይን ሲመዘን ግን ከእድር ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። የአንድ ሰው መቅረት በመዝገብ የሚጻፍ ከሆነ ያ ሰው ይፈለጋል ማለት ነው። ጥሩምባ ነፊው በማለዳ የሰፈሩን ስም እየጠራ ሲያልፍ ከአልጋው የሚነሳ ሽማግሌ የተጠራው ለሥራ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ብዙ እድሮች ለአረጋውያን በአክብሮት የሚሰጡት ነፃነት፣ ድንኳን አትትከሉ፣ አዳር አትውጡ፣ አርፋችሁ ተቀመጡ የሚለው፣ ጎጂ ጎን አለው። ከሸክም ነፃ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ከመዝገቡ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አስተዋይ የእድር ዳኛ ሸክሙን ለወጣት ሰጥቶ ሽማግሌውን ሐዘንተኛ አጽናኝ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ እቃ ቆጣሪ ያደርገዋል።

ከእድር ቀጥሎ ሃይማኖታዊ ማኅበራት ይመጣሉ። ጽዋ ማኅበር በየወሩ በአንድ ቅዱስ ቀን ከቤት ቤት እየዞረ ይጠጣል፤ ሰንበቴ በቤተ ክርስቲያን ግቢ በየእሑዱ ይገናኛል፤ በሙስሊሙ በኩል ጀማዓና ዱዓ ተመሳሳይ ድርሻ አላቸው። የእነዚህ ጥቅም በተራው ላይ ነው። ተራዋ የደረሰ አሮጊት ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፣ ልጆቿን ታዝዛለች፤ ለአንድ ቀን ቤቷ የሰው መሰብሰቢያ ነው። ቡናም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ የሚፈጀው ጊዜ የመንደሩ ወሬ፣ ምክርና የዕለት ክትትል የሚካሄድበት ነው። ሁለት ቀን ከቡና የቀረች ጎረቤት በሦስተኛው ቀን በሯ ይንኳኳል፤ የትኛውም የጤና ጣቢያ ይህን ያህል ፈጣን የቤት ለቤት ክትትል የለውም።

ወንዶች እዚህ ላይ ከሴቶች ይለያሉ። ሴቷ ቡናውን፣ ማእድ ቤቱንና የልጅ ልጁን ይዛ ታረጃለች፤ ሥራዋ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም። ለቅጥረኛ ወንድ ግን ጡረታ በደብዳቤ ይመጣል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ሰፋ፤ በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም ሕጎች ተሻሽለው እንደገና ወጡ። መውጫው ዕድሜ 60 ነው። ሕጉ ስለ አበሉ በዝርዝር ይደነግጋል፤ ከ60ኛው የልደት ቀን በኋላ ሰውየው ጠዋት ተነስቶ ወዴት ይሂድ ለሚለው ግን ሕግ መልስ ሊኖረው አይችልም። የጉልበቱ ዘመን ወዳጆቹ የመሥሪያ ቤት ወዳጆች የነበሩ ሰው ሥራውንም ወዳጆቹንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ዳማ የሚጫወቱ፣ ጋዜጣ ተከራይተው የሚያነቡ፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጡ ጡረተኞች ሰው አላጡም፤ ያጡት የሚፈልጋቸውን ነው።

ባለ እጁ ይህ አይገጥመውም። ሽማግሌው ሸማኔ ጥበብ መጣል ሲያቅተው ለልጁ ድር ያዳውራል፤ ዓይኑ ሲደክም ዋጋ ይነጋገራል። በሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የሀገር ልብስ ድሩ የፋብሪካ ቢሆንም ማጉ ብዙ ጊዜ የእጅ ፈትል ነው፤ ይህን ፈትል የሚፈትሉት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ጥጡ ተባዝቶ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ሲፈተል እጅ እንጂ እግር አይፈልግም፤ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ከአላፊ አግዳሚው ሰላምታ እየተለዋወጡ ይሠራል። የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው። ነገር ግን ነጋዴዋ ፈትሉን ፈልጋ በሳምንቱ ትመጣለች፤ ካልደረሰላት ትቆጣለች። ለባልቴቷ ያ ቁጣ ክብር ነው።

የአረጋዊ ሁሉ ማዕረግ የነበረው ሽምግልና በሕግ በኩል ጠቧል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጉዳያቸው በቤተሰብ ሽማግሌዎች እንዲታይ፣ ፍቺውንም እነሱ እንዲወስኑ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ሽማግሌዎቹን ማስታረቅ ብቻ አስቀረላቸው። ለውጡ ለሴቶች መብት አስፈላጊ ነበር፤ የሽማግሌ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ጉባኤ ነበርና። ያም ሆኖ ሽምግልና አልሞተም። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፣ የድንበርና የገንዘብ ጠብ አሁንም ፖሊስ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት በሽማግሌ ይያዛል። ከአዲሱ ገበያ ዳገት ማዶ ባለው የኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ጃርሱማ ይህንኑ ይሠራል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ደግሞ ለእያንዳንዱ የዕድሜ እርከን የራሱን ድርሻ የሰጠ በመሆኑ ዕድሜው የገፋ ሰው ያለ ሥራ እንዳይቀር አስቀድሞ አስቦበታል።

የልጅ ልጅ ማሳደግ ሌላው ትልቅ የዓላማ ምንጭ ነው፤ አንዳንዴም ትልቅ ሸክም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ኤድስ ወጣት ወላጆችን ሲጨርስ በአዲስ አበባ ብዙ አያቶች ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጆቻቸውን እንደገና ማሳደግ ያዙ። ያ ትውልድ ዓላማ አልጎደለውም፤ የጎደለው እንጀራ ነበር። ዛሬ ልጆች ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሲሄዱ ሕፃናቱ ከአያት ጋር ይቀራሉ። በተቃራኒው እናት ወይም አባት ልጅ ለማሳደግ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ይጠራሉ። እዚያ የሚገጥማቸው ሁኔታ የዚህን ጽሑፍ ሁለት ጉዳዮች ለያይቶ ያሳያል፦ ሕፃኑን የመጠበቅ ሥራ አለ፣ ዓላማ አለ፤ ቡና ጠርቶ የሚጠጣ ጎረቤት፣ በእግር የሚደረስበት ቤተ ክርስቲያን ግን የለም። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ ሥራውም ያበቃል።

ከገመዱ የሚወድቁት እነማን ናቸው? መጀመሪያ ድሆቹ። የወር መዋጮ መክፈል ያቃተው ሰው ከእድር ይሰረዛል፤ አብዛኛው ሳይሰረዝ በፊት አፍሮ ራሱ ይቀራል። ቀጥሎ ተከራዮች ናቸው፤ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ሰው በየቦታው የመግቢያ ገንዘብ ከፍሎ እድርተኛ መሆን አይችልም። ሦስተኛዎቹ በቤታቸው የታሰሩት ናቸው። ጆሮው የከበደ ሰው ጨዋታውን ስለማይሰማ ከማኅበሩ ይርቃል፤ በዓይን ሞራ የተጋረደች ሴት ዳገቱን አትደፍርም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ሊያጋልጡ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች መካከል የመስማት ችግር፣ የማየት ችግርና ከሰው መገለል ይገኙበታል፤ ሦስቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ይገናኛሉ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና እንደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢቆጠር ማጋነን አይሆንም። በእነዚህ ላይ መበለቶች ይጨመራሉ፤ ሴቶች ከባሎቻቸው በዕድሜ ስለሚያንሱና ረጅም ስለሚኖሩ፣ ባል የሞተባቸው ወንዶች ደግሞ እንደገና ስለሚያገቡ ብቻቸውን የሚያረጁት በብዛት ሴቶች ናቸው።

ለሁሉም የሚያሰጋው ግን የሰፈር መነሳት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተፋጠነው የኮሪደር ልማት ብዙ የቆዩ ሰፈሮችን ከመሐል ከተማ ወደ ዳር አዛውሯል። የአዲሱ ቤት ግድግዳ የተሻለ ነው፤ ውኃውም መጸዳጃውም ውስጥ ነው። ወጣቱ በወራት ይለምደዋል። አረጋዊው ግን ዘመኑን ሁሉ የገነባው ትውውቅ ተበትኖ በአራተኛ ፎቅ ላይ ይቀመጣል፤ ሕንፃው ደግሞ አሳንሰር የለውም። ከተነሱ ሰፈሮች አንዳንዶቹ እድራቸውን አላፈረሱም፤ አባላቱ ከየአቅጣጫው ታክሲ ተሳፍረው ለቀብር ይገናኛሉ። ይህ የሚያሳየው ሰዎቹ ምን እንዳይጠፋባቸው እንደፈለጉ ነው። የሚነሳ ሰፈር በቤት ቁጥር ሳይሆን በእድር ተደልድሎ ቢዛወር የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ ጥቂት ነው።

መንግሥትና በጎ አድራጊዎች ምን ያደርጋሉ? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። የቤተሰብ ሕጉም ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን እንዲጦሩ ግዴታ ይጥላል፤ ልጁን ከስሶ ቀለብ የሚጠይቅ ሽማግሌ ግን ብርቅ ነው፣ ነውሩ ከረሃቡ ይበልጣልና። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የጀመረው የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ጉልበት ያላቸውን በአካባቢ ልማት ሥራ ሲያሰማራ፣ መሥራት ለማይችሉት አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ጧሪ ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንስቷል። ሁሉም ያስመሰግናል። ሁሉም ግን አረጋዊውን ተቀባይ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የሴፍቲኔቱ ምደባ ራሱ መሥራት የሚችልና የማይችል ብሎ ሲከፍል፣ ጎዳና መጥረግ የማትችለው ሴት የሰፈሩን ሕፃናት መጠበቅ፣ ፈትል ማስተማር ወይም ሐዘንተኛ ማጽናናት ትችል እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም።

ትንሽ ኃላፊነት የሚያመጣው ለውጥ ከተጠበቀው በላይ ነው። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ የአሜሪካ መጦሪያ ቤት ባደረጉት የታወቀ ሙከራ፣ ለአንድ ክፍል ነዋሪዎች የሚንከባከቡት ተክልና ስለ ኑሯቸው የመወሰን ዕድል ሲሰጣቸው፣ ሠራተኞች ሁሉን ከሚያደርጉላቸው ይልቅ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ለአዲሱ ገበያ ቅርብ የሚሆነው ግን የዚምባብዌው ምሳሌ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ጭንቀት የያዘው ሰው መጥቶ ከእነሱ ጋር ይነጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመው ጥናት 573 ታካሚዎችን አካትቶ፣ አያቶቹ የረዷቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የተሻለ እፎይታ ማግኘታቸውን አረጋገጠ። አያቶቹ ተረጂ ተብለው ቢመዘገቡ ኖሮ ይህን ሥራ አያገኙትም ነበር።

በጉለሌ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር አለ። በአዲሱ ገበያ እድሮች መዝገብ ላይ ደግሞ አርባ ዓመት ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ የኖሩ ሴቶች ስማቸው ሰፍሯል። የከተማው ጤና ቢሮ እንደ ሐራሬው ያለ ሥራ ሊጀምር ቢያስብ መጀመሪያ የሚያነጋግራቸው ሰዎች የእድር ጸሐፊዎች ናቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይገኛሉ።